ተራ ቁጥር ዘጠኝ፦ የጠፋ ፋይል

በአቶ ሽበሺ ሀመሶ ቤት አንድ ዕቃ ሲጠፋ «ተዋበች ወሰደችው» ይባላል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሲጠፋ ተዋበች ናት፤ የጥፍር መቁረጫው ሲጠፋ ተዋበች ናት፤ አንድ ዓመት ለፋሲካ ከተሠራው ዶሮ አንድ እግር ጎድሎ ሲገኝም እሷው ነበረች። አባባሉ ዘንድሮ ሃያ አራት ዓመት ሞልቶታል። ተዋበች የምትባል ሰው በእርግጥ መኖሯን የማያውቁት የልጅ ልጆች ሳይቀሩ ይሉታል። አቶ ሽበሺ ራሳቸው ግን ብለውት አያውቁም። ሌላው ሲለው አይስቁም፣ አይቆጡምም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

ተዋበች ባህሩ፣ ከተማው አዋሳ ይባል በነበረበት ጊዜ፣ አቶ ሽበሺ የሕግ አገልግሎት ኃላፊ በነበሩበት መሥሪያ ቤት ታይፒስትና ፋይል ያዥ ነበረች። በ1993 ዓ.ም የአንድ ቦታ ክርክር ፋይል ጠፋባት ተብላ ከሥራ ተሰናበተች። አቶ ሽበሺ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት በመንግሥት ሥራ ቆዩ፤ ጡረታ ሲወጡ የጥብቅና ፈቃድ አውጥተው ሠሩ፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ሆኑ፤ አምና በሰባ ስድስት ዓመታቸው ሞቱ። የጻፉትንም የተጻፈላቸውንም አንድ ወረቀት ሳይጥሉ ነው የሞቱት። የሕግ አስተያየቶች፣ የስብሰባ ማስታወሻዎች፣ የመብራት ደረሰኞች፣ ለሠርግ የተጠሩባቸው ካርዶች፣ ሁሉም በዓመተ ምሕረት ተለይቶ፣ በገመድ ታስሮ፣ ሽፋኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ርእስ ተጽፎለት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ይህን ሰምቶ ወረቀቶቹን ለቤተ መዛግብቱ ጠየቀ። ቤተሰቡም ተስማማ፤ በተለይ ክፍሉን መልሶ ማከራየት ስለሚቻል።

ርክክቡ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ከአባቷ ጋር እስከ መጨረሻው የኖረችው ሐዳሳ ለዚያ ቀን ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳለች። ሐዳሳ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ትመዘግባለች። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ለእንግዶቹ ምሳ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ከሳሎን የታላቅ ወንድሟን የሕዝቅያስን ድምፅ ሰማች። ሕዝቅያስ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ሲያባብልም ሲያዝም የሚጠቀመው በአንድ ድምፅ ነው።

«አንዲት መስመር ብቻ ነው የምልሽ» ይላል።

«የትኛዋን?» አለች ሀያት። ሀያት የዩኒቨርሲቲው የመዛግብት ባለሙያ ናት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ እየመጣች፣ ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጣ ሃያ ሁለት ካርቶን ሙሉ ወረቀት ስትዘረዝር ከርማለች።

«ካርቶን አሥራ አራት፣ ተራ ቁጥር ዘጠኝ።»

«እሱማ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከወጣ ከስምንት ወደ አሥር ልንዘል ነው። ዘጠኝ የት ሄደ ይባላል።»

«ሌላ ነገር ይግባበታ።»

«ምን?»

ሕዝቅያስ ትንሽ አሰበ። «የጥምቀት ምስክር ወረቀታቸው።»

«እሱ ካርቶን ሁለት ውስጥ አለ።»

«እንግዲያው የሠርግ ፎቶ።»

«ከሕግ አስተያየት መሃል?»

ሐዳሳ ቢላዋውን እንደያዘች ወደ ሳሎን ወጣች። ወንድሟ ከብብቱ ሥር ጥቁር ፌስታል ይዟል። ምን እንደሆነ ጠየቀችው። «ምንም» አለ። ሀያት ግን ከዝርዝሩ ላይ፣ ሌላውን ሁሉ ስታነብ በኖረችበት ድምፅ፣ አነበበችላት፦ «የጠፋ ፋይል። አንድ ፋይል፣ ስድሳ ሁለት ገጽ፤ ከአንድ ያልተላከ ደብዳቤና ከሁለት ግልባጮቹ ጋር። ርእሱን እኔ አይደለሁም ያወጣሁት። ሽፋኑ ላይ በእጃቸው የጻፉት ነው።»

 ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው የሐይቁ ትልቅ ወፍ ክንፉን አራግፎ መልሶ አጠፈው። ሕዝቅያስ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መደርደሪያው የአባታቸው ስም ሊጻፍበት መሆኑን፣ ጥሪ የተደረገላቸው ሰዎች መኖራቸውን፣ ሙት እንደማይወቀስ፣ ሴትዮዋም እስካሁን ረስታው እንደሚሆን ተናገረ። ሐዳሳ እጇን ዘረጋች። ቢላዋ የያዘችውን እጅ ነበር የዘረጋችው፤ አስባበት አልነበረም። ሕዝቅያስ ፌስታሉን ሰጣት።

መኝታ ክፍሏ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አነበበች። ደብዳቤው የመሥሪያ ቤቱ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ የተጻፈ፣ ጥር 1994 ዓ.ም የሚል፣ ለመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ የተላከ፣ ማለትም ሊላክ የነበረ ነው። ጉዳዩ፦ የወ/ሮ ተዋበች ባህሩ ስንብት ያለአግባብ መሆኑን ስለማሳወቅ። ከዚያ አባቷ በሚታወቁበት በዚያ ቀጥ ባለ አጻጻፍ ይቀጥላል። ፋይሉን ሰኔ ላይ አንድ አርብ ራሳቸው ለማንበብ ወደ ቤት ይዘውት እንደሄዱ፤ መውሰዳቸውን መዝገብ ላይ ሳያስመዘግቡ እንደወጡ፤ ያን ቀን አመሻሽ ላይ የአሥር ዓመት ልጃቸው በወባ ትኩሳት ራሷን ስታ ወደ ሆስፒታል እንደሮጡ፤ ፋይሉ ከጋዜጦች ጋር ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ እንደተረሳ፤ ሲፈለግ ትዝ እንዳላላቸው፤ ታይፒስቷ እንድትሰናበት የሕግ አስተያየቱን የጻፉትም እሳቸው መሆናቸውን፤ ከሰባት ወር በኋላ ቤቱ ቀለም ሲቀባ ፋይሉ መገኘቱን። «ስለሆነም ሠራተኛዋ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱና በእኔ ላይ ተገቢው እርምጃ እንዲወሰድ አሳስባለሁ።» ፊርማ አለው። ስማቸውና ማዕረጋቸው ያለበት ቲተር ተመቶበታል። ሐዳሳ ግን ሥራዋ ነውና ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ነው። ወጪ ቁጥር የለውም። ዋናውም ሁለቱም ግልባጮችም እጇ ላይ ናቸው። የትም ያልሄደ ደብዳቤ ነው።

የአሥር ዓመቷ ልጅ እሷ ነበረች። ትኩሳቱን አታስታውስም፤ ሆስፒታል የገዙላትን ብርቱካን ነው የምታስታውሰው።

እናቷ ወይዘሮ ጽጌ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በር ላይ ቆሙ። ፋይሉን አዩ። ሽፋኑን እንደሚያውቁት ፊታቸው ላይ ይነበባል፤ ሰው ድሮ የከሰሰውን ጎረቤት መንገድ ላይ ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚያየው። ሐዳሳ የሚሉትን ጠበቀች።

«መታጠቢያ ቤት ያለውን ፎጣ ቀይሪው» አሉ። «እንግዳ ይመጣል።»

ሐዳሳ ፎጣውን ቀየረች። ከዚያ ፋይሉን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ቲማቲም ልገዛ ነው ብላ ወጣች። ቲማቲም ቤት ውስጥ ሁለት ኪሎ ነበር።

ወዴት እንደምትሄድ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም እንጂ፣ ተዋበች ባህሩ የት እንዳለች ካወቀች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። መዝገብ ቤት ከሚገቡት ማመልከቻዎች መሃል አንድም የፊደል ግድፈት የሌለባቸው፣ ግርጌያቸው ላይ በትንሹ «ተዋበች የጽሕፈት አገልግሎት፣ መናኸሪያ» የሚል ያለባቸው አሉ። ባለጉዳዮች የእሷ ማመልከቻ አይመለስም ይላሉ። ሐዳሳ በየሳምንቱ አምስት ስድስቱን ቁጥር ሰጥታ ስታስገባ ኖራለች። አንድ ጊዜ በዚያ ስታልፍ በር ላይ ከሩቅ አይታታለች፤ መንገድ ተሻግራ ነው ያለፈችው። በጠፋው ፋይል ማፈር ያለባት ተዋበች ትመስላት ነበር።

የተሳፈረችበት ባጃጅ ከአደባባዩ ጀምሮ በሰልፍ ይሄድ ነበር። ሾፌሩ ስለ ነዳጅ ወረፋ ሲያወራ እሷ «አይ ጊዜ» እያለች መለሰች። የተዋበች ሱቅ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ በአንድ የሞባይል ጥገና ቤትና በአንድ የዱቄት መሸጫ መካከል ያለች፣ ሦስት እርምጃ በአራት የምትሆን ክፍል ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ፦ «ዋናውን ሳይዙ አይሂዱ»። ከማስታወቂያው ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ሰዎች ረስተዋቸው የሄዱ መታወቂያዎች፣ የትምህርት ማስረጃዎች፣ የጋብቻ ወረቀቶች በየቀናቸው ተሰድረዋል። አንዱ የ2006 ነው።

ወይዘሮ ተዋበች ሐዳሳ ካሰበቻት ሴት በቁመት ያነሱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ የመነጽራቸው ክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሰው ሆነው ተገኙ። የአንድ ሽማግሌ ማመልከቻ እያነበቡ ነበር። ጨረሱና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሽማግሌው ለሐዳሳ ቦታ ለቀቁላትና «ሦስት ጊዜ ነው የሚያነቡት፤ አትቸኩይ» አሏት።

«ምን ነበር ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ተዋበች ቀና ሳይሉ።

«የአቶ ሽበሺ ሀመሶ ልጅ ነኝ።»

ያን ጊዜ ቀና አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። ሐዳሳ ስድብ ጠብቃ ነበር፤ በባጃጁ ውስጥ ስትዘጋጅለት ነው የመጣችው።

«ነፍስ ይማር» አሉ። «ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ከኋላ ቆሜ። ምንኛ ጨዋ ሰው ነበሩ።» የማመልከቻውን ጫፍ በጣታቸው አስተካከሉ። «ይቅርታ ሳልጠይቃቸው መሄዳቸው ነው የሚቆጨኝ። በእኔ ምክንያት ስንት ቦታ ተጠርተው ተወቅሰዋል አሉ። ሁለት ጊዜ በራችሁ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ምን ብዬ እንደምገባ ጠፋኝ።»

ሐዳሳ የምታውቀውን አንድ ነገር አደረገች፤ ቦርሳዋን ከፍታ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ወይዘሮ ተዋበች ለረጅም ጊዜ አልነኩትም። ጎኑ ላይ ያለው የፋይል ቁጥር የራሳቸው እጅ ጽሑፍ ነው፤ በወጣትነታቸው ሰባትን በመሃሏ ሰረዝ አድርገው ይጽፏት ነበር። ከዚያ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አርሰው ገጾቹን መቁጠር ጀመሩ። ሽማግሌው ጉዳዩ የሚመለከታቸው ይመስል አብረው በከንፈራቸው ቆጠሩ።

«ስድሳ ሁለት» አሉ ወይዘሮ ተዋበች። «ሙሉ ነው።»

መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ደብዳቤውን የጠፋ ነገር እንዳለበት ማመልከቻ ቀስ ብለው አነበቡት። ሲጨርሱ ያለቀሱ የመሰላት ሐዳሳ ሶፍት ፍለጋ ቦርሳዋን ዳበሰች፤ ሴትዮዋ ግን አላለቀሱም።

«ስለዚህ አልጠፋብኝም» አሉ።

«አልጠፋብዎትም።»

«ያን አርብ ሆዴን አሞኝ ነበር። ያልሆነ ሳጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ ብዬ ነው የኖርኩት። ሌላ ሰው ወሰደው ብዬ አስቤ አላውቅም። ማንን ልጠርጥር? አቶ ሽበሺን? ሃያ አራት ዓመት ስፈልገው ነው የኖርኩት እኮ። ቤተ ክርስቲያን ስብከት ላይ ተቀምጬ፣ አራተኛው መሳቢያ፣ ከታች፣ ከደመወዝ መክፈያው ሥር... ልጄን የወለድኩ ቀን እንኳ አንድ ሳጥን ትዝ ብሎኝ ነበር።» እንደ መሳቅ አሉ። «እሱንም ፈትሼው ነበር ለካ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ ተዋበች፣ የእኔ ማመልከቻስ?»

ወይዘሮ ተዋበች ወደ ማመልከቻው ተመለሱ። ሁለተኛውን ንባብ ጨረሱ። ሐዳሳና ሽማግሌው ሦስተኛውን ጠበቁ። እሳቸው ግን ወረቀቱን አጥፈው ለሰውየው ሰጡት። ሽማግሌው እንዳልተሟላ ዕቃ ገልበጥ አድርገው አዩትና ወጡ።

ሐዳሳ ፋይሉ የእሳቸው መሆኑን፣ የፈለጉትን ማድረግ እንደሚችሉ፣ ከፈለጉ ፍርድ ቤትም፣ ከፈለጉ ሬዲዮም ይዘውት መሄድ እንደሚችሉ ነገረቻቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለውን ርክክብም፣ ወንድሟ ምን እንዳሰበም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ተዋበች ሲሰሙ ደብዳቤውን ማሽኑ ላይ አድርገው ሦስት ኮፒ አነሱ። ሁለቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱ፣ አንዱን ደረታቸው ውስጥ አስገቡ። ዋናውን በቦታው፣ ፋይሉ ውስጥ መለሱት።

«ፋይል እኮ የሰው አይደለም» አሉ። «ቦታው ነው መግባት ያለበት። ጠብቂኝ፣ ነጠላዬን ልልበስ።»

ቤት ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ምሳው ተበልቶ፣ ከቆጮና ከቅቤ የተሠራው ቡርሳሜ ተመስግኖ፣ የዩኒቨርሲቲው ፒክአፕ ግቢ ገብቶ ቆሟል። ካርቶኖቹ በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፤ አሥራ አራተኛው አልታሸገም። ሳሎን ውስጥ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዶክተር አየለ ከሕዝቅያስ ጋር ስለ ሆቴሉ አዳራሽ ኪራይ ይጨዋወታሉ። ወይዘሮ ጽጌ ከአባትየው ትልቅ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሐዳሳ እንግዳዋን ከፊቷ አስገብታ «ወይዘሮ ተዋበች ባህሩ ናቸው» አለች።

ሕዝቅያስ ብድግ አለ፤ ከዚያ ለምን እንደተነሳ ስላልታወቀው ወንበሩን ለእንግዳዋ የለቀቀ መሰለ። ወይዘሮ ተዋበች አመስግነው ተቀመጡ።  ዶክተር አየለ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ተመለከቱና የቤተሰቡ ዘመድ ነዎት ወይ ብለው ጠየቁ።

«አብረን ነው የኖርነው ማለት ይቻላል» አሉ ወይዘሮ ተዋበች።

 ሀያት የርክክብ ሰነዱ ሦስት እማኝ እንደሚፈልግ፣ ሦስተኛው የዕድሩ ጸሐፊ እንደነበሩ፣ እሳቸው ግን ለቅሶ ላይ መሆናቸውን ገለጸች። ከዚያ ሳሎኑን ዞር ብላ አየችና «እርስዎ መታወቂያ ይዘዋል?» አለቻቸው። ይዘዋል። ሀያት ዝርዝሩን ከነፊርማ ቦታው ፊታቸው አደረገችላቸው። ሠላሳ አንድ ገጽ ነው። ወይዘሮ ተዋበች መነጽራቸውን አድርገው ከገጽ አንድ ጀመሩ።

«ፊርማ ብቻ እኮ ነው» አለ ሕዝቅያስ።

«አንብቤ ነው የምፈርመው።»

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆነ፤ ከዚያ አሥር ሊሆን ሩብ ጉዳይ። የፒክአፑ ሾፌር በር ላይ መጥቶ አይቶ ተመለሰ። ገጽ አራት ላይ አንድ «ኃላፊ» በሃሌታው «ሀ» መጻፉን አሳዩ፤ ሀያት አመስግና አረመችው። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «ተራ ቁጥር ዘጠኝ፦ የጠፋ ፋይል» ብለው ጮክ አድርገው አነበቡ። «ይሄ ትክክል አይደለም። አልጠፋም።»

ሀያት የሟቹን ርእስ መቀየር እንደማትችል፣ ሰው ጽፎ የተወውን እንደተወው መገልበጥ ሥራዋ መሆኑን ተናገረች። ማስታወሻ መጨመር ግን ይቻላል። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ወይዘሮ ተዋበችም ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር እየጠሩ አስጻፏት፦ «ፋይሉ አልጠፋም ነበር። ከሰኔ 1993 ዓ.ም ጀምሮ በአቶ ሽበሺ ሀመሶ መኖሪያ ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይ ነበር። በዚሁ ምክንያት የተሰናበቱት ወ/ሮ ተዋበች ባህሩ ጥፋት የለባቸውም። ዝርዝሩ በራሳቸው በአቶ ሽበሺ ደብዳቤ ላይ ይገኛል። አራት ነጥብ።»

«ይሄ እኮ የሞተ ሰው ስም ነው!» አለ ሕዝቅያስ። የሆቴሉን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቆ ነው የተናገረው። «ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው! ዶክተር፣ ይህን ይዛችሁ መደርደሪያውን ልትመርቁ ነው?»

ዶክተር አየለ ይህ የባለሙያዋ ጉዳይ ነው አሉና ወደ ባለሙያዋ አዩ። ባለሙያዋ ወደ ወይዘሮ ጽጌ አየች፤ ሰጪዋ እሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ጽጌ ጭናቸው ላይ ያለውን የነጠላቸውን ጥለት ይቆጥሩ ነበር። «ይጻፍ» አሉ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ቁም ሳጥኑ ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ልጅቷን አዝለን ስንወጣ ጠረጴዛውን እኔ ነኝ ያነሳሁት። ደብዳቤውን ጽፎ ሲያሳየኝም ከእጁ የቀማሁት እኔ ነኝ። አራት ልጅ ነበረን። ቤቱ ያን ጊዜ የመንግሥት ነበር። በየዓመቱ ይህን ደብዳቤ ስጪኝ ይለኝ ነበር፤ በኋላ መጠየቁን ተወ። ጡረታ ሲወጣ ሰጠሁት። ያን ጊዜ ለማን ልስጠው አለኝ።»

የሀያት ጣቶች ፊደሎቹ ላይ ቆመዋል። «እሱንም ልጨምረው?» አለች፤ ድምፅዋ ያው ነው።

ሁሉም ወደ ወይዘሮ ተዋበች ዞሩ። ሕዝቅያስ እንኳ።

«አይ» አሉ ወይዘሮ ተዋበች። «እሱ የወረቀት አይደለም።»

ገጽ አሥራ ዘጠኝ እንደገና ታተመ። ወይዘሮ ተዋበች የቀሩትን አሥራ ሁለት ገጾች አንብበው ፈረሙ። ሕዝቅያስም ፈረመ፤ ፊርማው ከሌላው ጊዜ አጥሮ ነበር። ካርቶን አሥራ አራት በፕላስተር ታሸገና ፒክአፑ ላይ ወጣ። ዶክተር አየለ የምረቃውን ቀን በስልክ እንደሚያሳውቁ ተናግረው ሄዱ። ሕዝቅያስ ሆቴል ስብሰባ እንዳለው ገልጾ ሄደ። ሐዳሳ ባዶውን ክፍል ከፍታ አየችው፤ ካርቶኖቹ የነበሩበት ወለል ከሌላው ይነጣል።

ወይዘሮ ተዋበች ሱቁን እንደዘጉት ነው የመጡት፤ መሄድ አለባቸው። ወይዘሮ ጽጌ ተነሱ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እንግዳ የሚሸኙት እስከ በረንዳው ድረስ ነው። በረንዳው ጋ ሲደርሱ ግን አልቆሙም። ደረጃውን በጎናቸው ወረዱ። ግቢውን አቋረጡ። ሐዳሳ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል ገፋ አደረጓትና ከውጭው በር አልፈው፣ ከወይዘሮ ተዋበች ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆነው፣ በኮብልስቶኑ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄዱ። ሐዳሳ በሩ ላይ ቀረች።

ሁለቱ ሴቶች አስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ቆሙ። ፊታቸው ወደ መንገዱ ነው። አንድ ባጃጅ መጣ፤ ሙሉ ነበር። ያን ጊዜ ወይዘሮ ጽጌ አንገታቸውን ደፍተው ማውራት ጀመሩ። ከሩቅ አይሰማም፤ እጃቸው ብቻ ይታያል፤ ከነጠላው ሥር ወጣ ይላል፣ ይገባል። ሁለተኛው ባጃጅ ባዶውን መጣና ቀስ ብሎ ጥሩምባውን ነፋላቸው።

ወይዘሮ ተዋበች እለፍ ብለው በእጃቸው አሳዩት።